ቱንቢው ጆሮ ውስጥ ነው

ባለፈው ሳምንት አንድ ምሽት፣ ፒያሳ በተከራየኋት ክፍል በቀኝ ጎኔ ተጋድሜ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ጎረቤቴ ባትሪ ሲያበራ ብርሃኑ በበሩና በመቃኑ መካከል ሾልኮ እንደ ክር ታየኝ፤ ክሩ ግን ጭንቅላቴ ካጋደለበት በተቃራኒ ያዘመመ መሰለኝ። ስልኬን አብርቼ ወለሉና ግድግዳው ሲታዩኝ ቀጥ አለ፤ ሳጠፋው እንደገና ዘመመ።

ይህን ክስተት ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ኸርማን አውበርት እ.ኤ.አ. በ1861 ገልጾታል፣ በስሙም ይጠራል። ግንበኛ ግድግዳ መቅናቱን በቱንቢ እንደሚለካ ሁሉ፣ በውስጠኛው ጆሯችንም ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታሎች አሉ፤ የመሬት ስበት ሲጎትታቸው ከሥራቸው ያሉትን ስስ ፀጉሮች እያጎነበሱ የጭንቅላታችንን አቀማመጥ ለአንጎል ይነግራሉ። ይህ መሣሪያ ጭንቅላት ቀና ሲል እጅግ ትክክለኛ ነው፤ በጣም ሲጋደል ግን መልእክቱ ይደበዝዛል። አንጎልም ጭንቅላት አብዛኛውን ጊዜ ቀና መሆኑን ከልምድ ስለሚያውቅ፣ ግምቱን ወደዚያው ይስባል፤ የዘመመው ጭንቅላቴ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በክሩ ላይ የተላከከው ስለዚህ ነው። (ጭንቅላት ጥቂት ብቻ ሲያዘነብል ስሕተቱ ሊገለበጥም ይችላል።) ዓይኖቻችንም በጉድጓዳቸው ውስጥ በተቃራኒው ይዞራሉ፤ ነገር ግን የሚያካክሱት ከጭንቅላቱ ዝንባሌ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ስልኬ ሲበራ ክሩ ስለቀና፣ እንግዲህ ዓይን የጆሮን ጉድለት ይሸፍናል ብዬ ልደመድም ስል፣ በማግስቱ በታክሲ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና ቁልቁለት ወረድሁ። በጎን መስኮት ያየኋቸው ፎቆች ሁሉ ወደ ፒያሳ ወደ ኋላ የተንጋለሉ መሰሉኝ። ያዘመመው ታክሲው ነበር፤ ዓይኔ ግን የመስኮቱን ክፈፍ እንደ ቀጥተኛ መለኪያ ቆጥሮታል። የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ሰሎሞን አሽና ኸርማን ዊትኪን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች በዘመመ ክፈፍ ውስጥ ያለን ዘንግ እንዲያቀኑ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ ዘንጉን ወደ ክፈፉ ዝንባሌ አጋድለው «አሁን ቀና» ብለዋል። ተመልካቹ ራሱ ሲያዘነብል የክፈፉ ጫና ይበልጥ ይበረታል፤ ጆሮ በደከመ መጠን አንጎል ለዓይን ይበልጥ ይገዛልና። ማታ ያቀናኝ ዓይን ጠዋት ያሳሳተኝ፣ የቤቴ ግድግዳ ከስበት ጋር ሲስማማ የታክሲው መስኮት ስላልተስማማ ብቻ ነው።

ፊቴን ወደ መስታወቱ አስጠጋሁ፤ ክፈፉ ከዓይኔ ሲሰወር ፎቆቹ ቀስ በቀስ ቀና አሉ።