«ጢሞቴዎስ»ን በግሪክኛ ለመጻፍና ለመጥራት

የክርስትና ልጄ ጢሞቴዎስ ይባላል። ለልደቱ ስሙን በግሪክኛ ፊደል እንጨት ላይ ላስቀርጽለት አሰብኩ። ግሪክኛ አልችልም። ፊደሉን የማውቀው ከሒሳብ ክፍል ነው።

የጀመርኩት ከግእዙ ነው። ግሪክኛ ሁለት የ«ት» ዘመዶች አሉት፤ ታው እና ቴታ። የጥንት ተርጓሚዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ታውን በ«ጠ»፣ ቴታን በ«ተ» ለይተው ጽፈዋል። ስለዚህ «ጢሞቴዎስ» የሚለውን አይቶ፣ መጀመሪያው ታው፣ መሀሉ ቴታ ነው ማለት ይቻላል። ኤዎስጣቴዎስም እንደዚሁ ነው፤ «ጣ» በታው፣ «ቴ» በቴታ። የሚገርም ጥንቃቄ ነው! ግን ሁልጊዜ አይሠራም። «ክርስቶስ» በ«ቶ» ቢጻፍም ግሪክኛው ታው ነው። ግእዙ ፍንጭ ይሰጣል፤ ማረጋገጫው ግሪክኛው አዲስ ኪዳን ነው።

እሱንም ስንከፍት ከየት እንደምንቀዳ ማወቅ አለብን። መቼም ማንም ሰው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጢሞቴዎስ መልእክት ነው። እዚያ ግን አርእስቱ ላይ ስሙ የሚያልቀው በሲግማ («ስ») ሳይሆን «ኑ» በሚባለው ፊደል («ን») ነው። ምዕራፍ 1 ቁጥር 2 ላይ ደግሞ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። እኛ «ለጢሞቴዎስ»፣ «ጢሞቴዎስን» ስንል ስሙን ሳንነካ ፊቱ ወይም ኋላው ላይ እንጨምራለን። ግሪክኛ የስሙን ጫፍ ራሱን ይቀይራል። ሳይለወጥ የሚገኘው የሐዋርያት ሥራ 16፥1 ላይ ነው፤ «ጢሞቴዎስ የሚባል ደቀ መዝሙር» በሚለው ቦታ። የቀዳሁት ከዚያ ነው።

ፊደሎቹ ስምንት ናቸው፦ ታው፣ ዮታ፣ ሙ፣ ኦሚክሮን፣ ቴታ፣ ኤፕሲሎን፣ ኦሚክሮን፣ ሲግማ። ሁለቱም «ኦ» ኦሚክሮን መሆናቸውን ጆሮ አይነግርህም፤ ዛሬ ኦሜጋም ድምፁ ያው ነው። በሀ፣ ሐ እና ኀ የተሠቃየ ሰው ለግሪክ ተማሪዎች ያዝናል። በትንንሹ ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያው ኦሚክሮን ላይ ጭረት ይደረጋል፤ የመጨረሻው ሲግማም ቅርጹ ይለያል። በትልልቁ ሲጻፍ ሁለቱም ጣጣዎች ይቀራሉ። ለቀራጩ የሰጠሁት በትልልቁ ነው።

አጠራሩ ላይ አንድ የግሪክ ተወላጅ የሆኑ አዛውንት ረዱኝ። ጭረቱ የሚያሳየው ድምፅ የሚጠነክርበትን ቦታ ነው አሉኝ፤ «ሞ» ላይ። «ጢ» አይፈነዳም፣ ለስለስ ይላል። «ዎ» የለም፤ «ኤ-ኦስ» ነው። ከባዱ ቴታ ነው። ምላስን በጥርሶች መሀል ሾልኮ እንዲወጣ አድርጎ መንፋት ይጠይቃል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖረ ሰው ግን አይቸገርም፤ «ሦስት» የሚለው የዐረብኛ ቃል ውስጥ ያለው ድምፅ ነው።

አዛውንቱ ስሙን ደጋግመው ካስባሉኝ በኋላ፣ «ልጁን ስትጠራው ግን እንደዚህ አትበል» አሉኝ። በጥሪ ጊዜ መጨረሻው ተቆርጦ «ቲሞቴኤ» ይሆናል። ቤት ገብቼ 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥20ን አየሁት። የእኛው «ጢሞቴዎስ ሆይ» የሚለው ቦታ ላይ፣ ግሪክኛው ልክ እሳቸው እንዳሉት ነው። አሁን እኔ «ቲሞቴኤ» እያልኩ እጠራዋለሁ። እናቱ ግን ድሮም የምትለው «ጢሞ» ነው፤ እሱም የሚሰማው እሷን ነው።