ቨርጂኒያ ውስጥ የትንሽ ጀልባዬን የታክስ ግምት ያስተካከልኩበት መንገድ

ቨርጂኒያ የሚኖር ባለ ጀልባ እንደ መኪናው ሁሉ ለጀልባውም በየዓመቱ ለካውንቲው ወይም ለከተማው የንብረት ታክስ ይከፍላል። ስቴቱ ለግል መኪና የሚሰጠው የካር ታክስ ቅናሽ ጀልባን አይጨምርም፤ ግምቱ ከተጋነነ ትርፉን የሚሸከመው ባለቤቱ ብቻ ነው። የእኔ ጀልባ 17 ጫማ ፋይበርግላስ ናት፣ ሞተሯ 50 የፈረስ ጉልበት። 11,400 ዶላር ተገመተች፤ በየ100 ዶላሩ 3.50 ሲታሰብ 399 ዶላር መሆኑ ነው። ከተከራከርኩ በኋላ ግምቷ ወደ 5,200፣ ታክሷም ወደ 182 ዶላር ወረደ።

የካውንቲው ገማች ጀልባዋን ሄዶ አያይም። የሚያየው መዝገብ ነው፤ መዝገቡ የሚመጣለት ደግሞ በአብዛኛው ጀልባ ከሚመዘግበው የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ነው። የሞዴል ዓመቱን፣ ርዝመቱንና ሞተሩን ይዞ የዋጋ መመሪያ ውስጥ ይፈልጋል። ሕጉም ከ5 ቶን በታች የሆኑ ጀልባዎች በታወቀ የዋጋ መመሪያ ወይም ከመጀመሪያ መግዣ ዋጋቸው በመቶኛ ተሰልተው እንዲገመቱ ይፈቅዳል። ስለዚህ ወደ ቢሮው ስጽፍ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ግምቱን ለመሥራት የተጠቀማችሁበት የሞዴል ዓመት፣ የሞተር ጉልበትና የዋጋ መመሪያ የቱ ነው? ይህ መልስ በእጅ ሳይገባ መከራከር በጨለማ መተኮስ ነው።

መልሱ ሲመጣ ጀልባዋ የ2014 ሞዴል፣ ሞተሯ 90 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለቱም ስህተት ነው። የሞዴል ዓመትን የሚያረጋግጠው፣ በመኪና ላይ እንዳለው የቪን ቁጥር፣ ሂን የሚባለው መለያ ነው። ከጀልባዋ ኋላ ቆማችሁ ወደ ፊት ስትመለከቱ በቀኝ በኩል፣ ከላይኛው ጠርዝ ሥር ታገኙታላችሁ፤ 12 ፊደልና ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ 3 የአምራቹ መለያ፣ ቀጣዮቹ 5 ተከታታይ ቁጥር ናቸው። ከነሐሴ 1984 በፈረንጆች ወዲህ በተሠሩ ጀልባዎች 9ኛው ፊደል ወር፣ 10ኛው የተሠራችበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ደግሞ የሞዴል ዓመት ናቸው። የእኔ መጨረሻው ኬ304 ነው፦ ኬ ኅዳር፣ 3 ማለት 2003፣ 04 ማለት የ2004 ሞዴል። አንዲት አኃዝ 10 ዓመት አሳንሳታለች። ሂኑ በሰምና በቆሻሻ ከደበዘዘ ወረቀት ለጥፋችሁ በእርሳስ አሹት፤ ቁጥሩ ይወጣል። ፎቶውን ከባለቤትነት ሰርተፊኬቱ ጋር አንድ ገጽ ላይ አድርጉት።

የሞተሩን ጉልበት ለማሳየት ክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አትጠቀሙ። ክዳን ይለወጣል፣ ገማቾችም ያውቁታል። የሚያምኑት ሞተሩ ከጀልባዋ ጋር በሚታሰርበት ብረት ላይ ያለችውን የሞዴልና የተከታታይ ቁጥር ሰሌዳ ነው። ጀልባዋ ተጭና የምትጎተትበትን ተጎታችም ተመልከቱ፤ በሞተር ተሽከርካሪ ቢሮ ለብቻው ስለሚመዘገብ የራሱ ቢል ይመጣለታል። በጀልባዋ ግምት ውስጥም ከተደመረ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

መዝገቡ ከታረመ በኋላ የሚቀረው የጀልባዋ ይዞታ ነው። መመሪያው በመልካም ይዞታ ያለች ጀልባን ዋጋ ነው የሚሰጠው። «ያረጀች ናት» ማለት አይበቃም፤ በቁጥር መታየት አለበት። ሞተሩ የሚንጠለጠልበትን የኋላ ግድግዳ፣ ትራንሰሙን፣ በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት። ጤናማው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቶ የበሰበሰበት ቦታ ግን የታፈነ ድምፅ አለው። የበሰበሰውን አካባቢ በቴፕ ከበብኩና ከሜትር ጋር ፎቶ አነሳሁት። የሞተሩን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ መካኒክ ለካው፤ ከሦስቱ ሲሊንደሮች ሁለቱ 120 እና 118፣ ሦስተኛው 85 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሆነ። በሲሊንደሮች መካከል ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ሞተሩ ችግር እንዳለበት ይቆጠራል። መካኒኩ የጋራዡ ስም ባለበት ወረቀት ላይ ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለያይቶ ጻፈልኝ። የጥገናው ዋጋ ሙሉ በሙሉ ይቀነስልኛል ብላችሁ ግን አትጠብቁ፤ የሚቀነሰው ገዢ በዚያ ምክንያት የሚያወርደውን ያህል ነው። በሰርቬየር፣ ማለትም በጀልባ መርማሪ ባለሙያ፣ ማስመርመር ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ሆኖም ለእንደዚህች ዓይነት ጀልባ ክፍያው ከሚተርፈው ታክስ ሊበልጥ ስለሚችል አላስፈለገኝም።

የገበያ ዋጋ ማስረጃ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ታክሱ የሚታሰበው በፈረንጆች ጥር 1 በነበራት ዋጋ ነው፤ በሐምሌ የተለጠፈ ማስታወቂያ የጥርን ዋጋ አያሳይም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የወጡ፣ ርዝመታቸውና ጉልበታቸው ተመሳሳይ፣ ዕድሜያቸው በ2 ዓመት ክልል ውስጥ የሆኑ ቢያንስ ሦስት ማስታወቂያዎች ቀናቸው እንዲታይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ማስታወቂያ ላይ ያለው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ተጎታቹን ይጨምራል፤ ካውንቲው ተጎታቹን የገመተበትን ቀንሱና ቀሪውን አወዳድሩ። ይህችን ቅነሳ ራሳችሁ ሠርታችሁ ስታሳዩ ገማቹ የቀረውን ስሌታችሁንም ያምናል። የሽያጭ ውል ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ከዘመድ በርካሽ የተገዛች ከሆነ ግን የገበያ ዋጋ ነው ብለው አይቀበሉትም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። ከላይ የሂሳብ ቁጥሩ፣ የጀልባዋ ምዝገባ ቁጥር፣ ሂኑና የታክስ ዓመቱ፤ ቀጥሎ እነሱ የገመቱት፣ እኔ ትክክል ነው የምለው፤ ከዚያ ምክንያቶቹ፣ እያንዳንዱ ከአባሪው ቁጥር ጋር። ታክሱ በዛብኝ ወይም አቅም የለኝም የሚል ቃል አታስገቡ። ታሪፉን የሚወስነው የካውንቲው ምክር ቤት ስለሆነ ገማቹ ሊነካው አይችልም፤ የሚያስተካክለው ዋጋውን ብቻ ነው። በስልክ የተነገረ ነገር ማስረጃ አይሆንም። በኢሜይል ላኩና ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ።

ክርክሩ እስኪያልቅ ብላችሁ ክፍያ አታቆዩ። መክፈያው ቀን ካለፈ ሕጉ ቅጣት ይፈቅዳል፣ ወለድም ይከተላል። እኔ ሙሉውን ከፍዬ ነው የተከራከርኩት፤ ልዩነቱ ተመለሰልኝ።

ያለፉትን ዓመታትም አትርሱ። የቨርጂኒያ ሕግ የታክስ ዓመቱ ካበቃበት ቀን አንስቶ 3 ዓመት፣ ወይም ግምቱ ከወጣበት 1 ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየውን ጊዜ ለማረሚያ ጥያቄ ይሰጣል። የ2022 ታክስ ከሆነ እስከ 2025 ታኅሣሥ 31 ማለት ነው። የሞዴል ዓመት ስህተት በየዓመቱ ስለሚደገም፣ ለእያንዳንዱ ዓመት ለየብቻ መጠየቅ ዋጋ አለው። ቢሮው እምቢ ካለ ሰርኪዩት ኮርት ወደሚባለው ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ ግምቱ ከገበያ ዋጋ በላይ መሆኑን የማስረዳት ሸክም ግን የባለቤቱ ነው። ለአንዲት ትንሽ ጀልባ የአንድ ዓመት ታክስ ብሎ ፍርድ ቤት መሄድን አልመክርም።

የሚከፈልበትን ቦታም አረጋግጡ። ሕጉ ጀልባ ዘወትር የምትቆምበትን አካባቢ ነው የሚያየው፤ የባለቤቱን ቤት አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ፌርፋክስ ካውንቲ ጀልባን በየ100 ዶላሩ በ1 ሳንቲም ብቻ ነው የሚያስከፍለው። ፌርፋክስ እየኖረ ጀልባውን ሌክ አና በሚባለው ሐይቅ ላይ የሚያቆም ሰው ግን ታክሱ የሐይቁ ዳር ካውንቲ ነው። ሁለት ቦታ ቢል ከመጣባችሁ የማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው) ኪራይ ውል ይፈታዋል።

የመጨረሻው ሥራ ምንጩን ማረም ነው። ካውንቲው የራሱን መዝገብ ቢያስተካክልም፣ በስቴቱ የጀልባ ምዝገባ ላይ 2014 የሚለው ካልተለወጠ በሚቀጥለው የመረጃ ዝውውር ተመልሶ ይመጣል። የሂኑን ፎቶ ለስቴቱ መሥሪያ ቤትም ልኬ የምዝገባ ካርዱን አስለወጥኩ፤ አዲሱን ካርድ ኮፒ አድርጌ ለካውንቲው ገማች ሰጠሁ።