ጋሼ ተናገሩ፣ እኛ ጻፍን

የመጀመሪያውን ጨረታ የተሸነፍነው በዋጋ አልነበረም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ በምትገኘው ጠባብ ቢሯችን ስንጽፍ አድረን፣ የዋጋ ዝርዝሩን አንድ ገጽ ከቴክኒክ ሰነዱ ጋር በአንድ ፖስታ አሽገነው ኖሯል። ፖስታው እንደተከፈተ ከውድድር ወጣን። ሁለቱ ለየብቻ እንዲታሸጉ የገዛነው የጨረታ ሰነድ በግልጽ ያዝዝ ነበር፤ ያነበበው ግን አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

የውሃ ፓምፕ እንሸጣለን፣ እንጠግናለን፤ አምስት ሰዎች ነን። ከዚያ ወዲህ የጨረታ ሰነድ በተገዛ ዕለት ኮምፒውተር የሚነካ የለም። በማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አንዳችን ጮክ ብለን እናነባለን፤ «ማቅረብ አለበት» የሚል በመጣ ቁጥር ከጎኑ የአንድ ሰው ስም ይጻፋል። አቅማችን የማይፈቅደውን ጨረታ የምንተወውም ያኔውኑ ነው። የታደሰ ንግድ ፈቃድና የግብር ክሊራንስ በአንድ ፋይል ተዘጋጅተው ይቆያሉ፤ ለጨረታ ማስከበሪያው ሲፒኦ (ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ገንዘብ ያዣችን ቀደም ብላ ባንክ ትሄዳለች።

የከበደን ጽሑፉ ነበር። እኔ ከአምራቹ መመሪያ እየገለበጥኩ «ከፍተኛ ጥራት ያለው» እያልኩ እሞላለሁ። አንጋፋው ቴክኒሻናችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ እስክሪብቶ ሲያዩ ይሸሻሉ። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ረቂቁን አነበብኩላቸው።

«ይሄ ሰው የእኛን ውሃ አያውቀውም» አሉ።

ሰውየው እኔ ነበርኩ። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ውሃ ለፓምፕም አይራራም። ጋሼ የትኛው ክፍል አስቀድሞ እንደሚደፈን፣ በየስንት ጊዜ ተፈትቶ መታጠብ እንዳለበት፣ የትኛው መለዋወጫ ከመጋዘን መጥፋት እንደሌለበት ዘረዘሩ። ጸሐፊያችን በስልኳ ቀድታ በማግስቱ ሁለት ገጽ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ እርሳቸው ይናገራሉ፣ እርሷ ትጽፋለች፣ እኔ ደግሞ እንደ ገዢ ሆኜ አነባለሁ። ቅጽል የመጨመር አመሌ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ጋሼ «ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ እሰርዘዋለሁ።

ፖስታዎቹን የሚያሽገው የንብረት ክፍል ሠራተኛችን ነው፤ አንድም መስመር ስላልጻፈ እያንዳንዱን ገጽ ይጠራጠራል።

ሁለተኛውን ጨረታ በዋጋ ተሸነፍን። ሦስተኛው የአንድ ሆቴል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሲያስጠሩን ሰነዱ ስለ ኖራው በሚናገረው ገጽ ላይ ተገልጦ ጠበቀን፤ ጋሼን ይዤ በመሄዴ ደስ አለኝ።