የጃገርስ ሳሙና

እንግሊዛዊውን ደራሲ ዲክንስን አንብቤ ስጨርስ ፊት አይደለም ትዝ የሚለኝ፤ እጅ ነው። «ታላቅ ተስፋዎች» በሚለው ልቦለዱ ውስጥ ጃገርስ የሚባል የለንደን ጠበቃ አለ። ባለጉዳይ በሸኘ ቁጥር እጁን ሽቶ ባለው ሳሙና ሙልጭ አድርጎ ይታጠባል። ዲክንስ ሰውየው ሥራውን እንደሚጸየፍ አይነግረንም። ሳሙናውን ያስሸትተናል፤ በቃ።

የጃገርስ ቢሮ ጸሐፊ ዌሚክማ ይብሳል። ቢሮ ውስጥ እንጨት ነው፤ አፉ እንኳ የፖስታ ሳጥን ቀዳዳ ይመስላል። ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው! ጎጆውን ግንብ አስመስሎ፣ ድልድይ ሳይቀር ሠርቶላታል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን መድፍ ይተኩሳል። ጆሮው የደከመው ሽማግሌ አባቱ ይህችን ሲሰማ ደስታው ወሰን የለውም። እዚህ ጋ ሁሌም እስቃለሁ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ዲክንስ ጨዋ ወጣት ሴት ሲስል እጁ ይሰንፋል።

በዚህ እንግሊዛዊቷን ደራሲ ጄን ኦስተንን የሚያህላት የለም። እ.ኤ.አ. በ1813 በወጣው «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» የዋናዋን ገጸ ባሕርይ የኤልሳቤጥን መልክ በቅጡ አትነግረንም፤ ዓይኗን ካየን ትልቅ ነገር ነው። የምናውቃት በምላሷ ነው። ሚስተር ኮሊንስንም እንዲሁ። ላግባሽ ሲላት ምክንያቱን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ይቆጥራል። እምቢ ስትለው፣ ሴቶች መጀመሪያ ላይ እንዲህ ናቸው ብሎ ይቀጥላል።