ሁለት ሰዎች የተጋሩት ብልቃጥ

አዳማ ውስጥ በፋርማሲስትነት በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ ግንባሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ያስቸገረው አንድ ጎልማሳ ወንድሙ ከውጭ የላከለትን ብልቃጥ ይዞ መጥቶ አጠቃቀሙን ጠየቀኝ። ሚኖክሲዲል 5 በመቶ ከፊናስተራይድ 0.1 በመቶ ጋር ተቀላቅሎበታል። ሚኖክሲዲል መጀመሪያ የደም ግፊት ኪኒን ነበር፤ በሚወስዱት ሰዎች ላይ ፀጉር ሲያበቅል በመታየቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለወንዶች የራስ ቅባት ሆኖ ተፈቀደ። በ1997 ለወንዶች ራሰ በራነት የተፈቀደው የፊናስተራይድ ኪኒን ደግሞ ቴስቶስትሮን የፀጉርን ሥር ወደሚያቀጭጨው ሆርሞን እንዳይለወጥ ያግዳል። አንዱ እድገትን ሲገፋ ሌላው ጉዳቱን ስለሚገታ ማጣመሩ ምክንያታዊ ነው፤ ይሁን እንጂ እንዲህ በአንድ ብልቃጥ የተቀላቀለውን የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን አላጸደቀውም። ይህን ሁሉ ነገርኩት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ይበልጥ ሊረግፍ እንደሚችልና ለውጥ ለማየት ቢያንስ አራት ወር መታገሥ እንዳለበትም አስረዳሁት። በማብራሪያዬ ረክቼ ነበር።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ባለቤቱ መጣች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ የሰፋውን የፀጉሯን መክፈያ እያሳየችኝ፣ «ዶክተር፣ ማታ ማታ ከእሱ ብልቃጥ እየተቀባሁ ነበር፤ ግን ባሰብኝ» ብላ በሶፍት የጠቀለለችውን የረገፈ ፀጉር ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። እንደ ልማዴ «የሚጠበቅ ነው፣ ይታገሡ» ልል አፌን ስከፍት የመጣችበትን ማዘዣ አቀበለችኝ፤ ለነፍሰ ጡር የሚታዘዝ አይረንና ፎሊክ አሲድ ነበር።

ፊናስተራይድ የሚያግደው ሆርሞን ለወንድ ጽንስ የብልት አፈጣጠር አስፈላጊ በመሆኑ፣ ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረ ኪኒኑን በእጇ እንኳ እንዳትነካ ይከለከላል። በራስ ቆዳ በኩል ወደ ደም የሚገባው ከኪኒኑ ያነሰ ቢሆንም፣ ሚኖክሲዲሉም ቢሆን በእርግዝና ጊዜ ስለማይመከር፣ ወዲያውኑ እንድታቆም ነግሬ የሁለቱንም ስምና መጠን ጽፌ በዚያው ቀን ወደ ክትትል ሐኪሟ ላክኋት። ስትወጣ፣ «ለእሱ ያን ሁሉ ሲያስረዱት፣ ቤት ውስጥ ሌላ የሚቀባ እንዳለ አልጠየቁትም?» አለችኝ። አልጠየቅሁትም ነበር።

በማግስቱ ባልየው ብልቃጡን በፌስታል ቋጥሮ መለሰው። ከእጁና ከትራሱ ወደ እሷ እንዳይነካካ፣ እስክትወልድ ድረስ ሚኖክሲዲል ብቻውን ያለበትን እንዲጠቀም መከርኩት። «ልጁ በደህና ይወለድ እንጂ፣ ለአዳማ ፀሐይስ ባርኔጣ አላጣም» አለኝ።