የመስኮቱ አረንጓዴ ቀለም

ደብረ ብርሃን ያለው የእናቴ ቤት መስኮቶች በደርግ ጊዜ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብተዋል። በላዩ ሰማያዊ፣ በላዩ ደግሞ ክሬም። ለፋሲካ እናድሰው ብለን ቀለም ቀቢው ብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ፣ የእህቴ ልጅ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ የተላጠ ቅርፊት ወደ አፏ ስትሰድ አየኋት። «ቆይ ወንድሜ፣ እንዳትነካው!» አልኩት።

እናቴ ሳቀች። «እናንተም እሱን እየበላችሁ ነው ያደጋችሁት።» እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው እኮ!

ጉዳዩ እርሳስ ነው። የምንጽፍበት አይደለም፣ እሱ ግራፋይት ነው፤ ብረቱን ማለቴ ነው። ድሮ ቀለም እንዲደምቅና ቶሎ እንዲደርቅ ይጨመር ነበር። የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፣ ትንሽም ቢሆን ደህና የሚባል መጠን የለውም። በአገራችን ደንብ አሁን ቀለም ውስጥ ከሚሊዮን 90 እጅ መብለጥ የለበትም። ግድግዳ ላይ የቆየውን ግን ደንብ አይልጠውም።

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ የእርሳስ መፈተሻ ጥጥ ላከችልኝ። ክሬሙን ባሸው ባሸው ምንም የለም። በምላጭ እስከ አረንጓዴው ድረስ ቆርጬ ሳሸው ግን ጥጡ ቀላ፤ እርሳስ አለ ማለት ነው። ጥጡ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ እርግጡን የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው፤ ለልጅቷም የደም ምርመራ እያፈላለግን ነው።

እስከዚያው ደረቁን መፈግፈግ የለም። አቧራው ነው ክፉው። ቅርፊቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ፣ ልጅቷ አክስቴ ቤት ሄደች፣ ቀለም ቀቢው ደግሞ ቡናውን ጠጥቶ ሌላ ቀን ሊመጣ ተቀጠረ።