የእናቴ ነጠላ ሁለት ቋጠሮዎች
ዛሬ ጠዋት ከእናቴ ጋር ቡና ልንገዛ ሾላ ገበያ ሄደን ነበር። ዋጋው እንደተነገረን ስልኬን አውጥቼ በቴሌብር ልከፍል ስል እጄን ያዝ አድርጋ «ቆይ እንጂ ልጄ፣ ገና መች ተከራከርንበት?» አለችኝ። ከተከራከረች በኋላ በነጠላዋ ጫፍ ከቋጠረቻቸው ሁለት ቋጠሮዎች አንዱን በጥርሷ ፈታ፣ የታጣጠፉትን ብሮች አንድ በአንድ እያቃናች ቆጠረች። ጥቂት ስለጎደላት ሁለተኛውን ትፈታለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ይሄ የእድር ነው» ብላ ከአንድ ኪሎው ቡና ሩቡን አስቀነሰች።
ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የእኔ የቤት ኪራይና የማኪያቶ ብር በአንድ ቋት ስለሚቀመጥ፣ የትኛው እንደማይነካ የሚያስታውሰኝ ቋጠሮ የለም። እርግጥ የዛሬው ኪራይ በእሷ ዘመን ከነበረው ጋር አይወዳደርም። ማታ የክፍያ ዝርዝሬን ስመለከት ግን በዚህ ሳምንት ብቻ ለማኪያቶ ስድስት ጊዜ ከፍያለሁ።